መንገድ ሲቆፈር ስለ መጠጥ ውኃ ጥበቃ

በከተሞቻችን የመንገድ መቆፈር የዘወትር ነገር ሆኗል። በተለይም የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረና ወደ ሌሎችም ከተሞች ከተዛመተ ወዲህ፥ በምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው የነበሩት የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦዎች በብዙ ጎዳናዎች ወደ መሬት እንዲገቡ ተደርጓል፤ የእግረኛውም መንገድ ሰፍቷል። ይህ ሥራ ዓይንን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስለ ሕዝብ ጤና የሚያስብ ሰው ከአስፋልቱ በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም መመልከት ይገባዋል። ከሥሩ የመጠጥ ውኃ ቧንቧና የፍሳሽ ቱቦ በአንድ ጎዳና ይሄዳሉና፥ ለስልክ ሽቦ ተብሎ የተሰነዘረ ዶማ ሁለቱን ሊያገናኛቸው ይችላል።

«ውኃው ከተሰነጠቀው ቧንቧ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዴት ይገባል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቧንቧው ተሞልቶ ግፊት ባለው ጊዜ በስንጥቁ የሚወጣው በእርግጥ ንጹሑ ውኃ ነው። ውኃው በተቋረጠ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በቆላው ሰፈር ያሉ ሰዎች በቧንቧው የቀረውን ሲቀዱ፥ በከፍታው በኩል ያለው ክፍል ባዶ ይሆንና ከውጭ ያገኘውን ይስባል፤ በጉድጓዱ የተኛው ቆሻሻ ውኃ በዚያችው ስንጥቅ ይገባል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ በዓመት አንድ ቀን የሚደርስ አጋጣሚ አይደለም፤ ውኃው በጠፋ ቍጥር የሚመላለስ አደጋ ነው። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ሁሉ ጎርፍ ያቁራል።

የዚህን ጠንቅ ክብደት ለመረዳት በአሜሪካ ሚዙሪ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ካቡል በተባለች ትንሽ ከተማ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 መጨረሻ ብርዱ ጸንቶ ስለ ነበር ሁለት ትላልቅ ቧንቧዎች ፈነዱ፤ ከአርባ የሚበልጡ የውኃ ቆጣሪዎችም ተነቅለው በሌላ ተተኩ። የከተማይቱ ውኃ ክሎሪን የማይጨመርበት የጉድጓድ ውኃ ነበር። በዚያው ሰሞን ሰዉ ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ይወድቅ ጀመር፤ በዚያች ትንሽ ከተማ 243 ሰዎች ታመው 4 ሞቱ። ሕዝቡ ውኃውን አፍልቶ እንዲጠጣ ሲታዘዝና ክሎሪን ሲጨመርበት አዲስ ሕሙማን ወዲያው እየቀነሱ ሄዱ። ነገሩን የመረመሩት ሐኪሞች በጥገናው ጊዜ ብርቱ ክሎሪን ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሽታውን ለማስቀረት ይቻል እንደ ነበር ገልጸዋል። በፊንላንድ አገር በኖኪያ ከተማም በ2007 በዚያው አቈጣጠር፥ የፍሳሹን መሥሪያ ቤት መስመር ከመጠጥ ውኃው መስመር ጋር የሚያገናኝ አንድ መዝጊያ ተከፍቶ ስለ ቀረ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ታመዋል። እነዚህ አገሮች መሐንዲስም ገንዘብም ያላነሳቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ስለዚህ መንገድ እንዲቆፈር የሚወሰንበት ጉባኤ የመንገድና የመብራት ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት መሆን የለበትም። የውኃው መሥሪያ ቤትና የጤናው ሹም ከመጀመሪያው ቀን አብረው ሊቀመጡ ይገባል። ዛሬ እንደሚታየው አንዱ አስፋልቱን ካነጠፈ በኋላ ሌላው መጥቶ ሲቆርጠው፥ ጥፋቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቍፋሮ ለቧንቧው አዲስ ቍስል ነው። የቧንቧውና የቱቦው መንገድ በካርታ ላይ ተስሎ ካልተቀመጠ ደግሞ ቆፋሪው የሚመራው በግምት ነው። (ካርታው ባንድ አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ ራስ ውስጥ ብቻ ያለባቸው ከተሞች አይጠፉም፤ እርሳቸውም ጡረታ ይወጣሉ።)

በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር የሚሠራበት ደንብ የውኃ ቧንቧ ከፍሳሽ ቱቦ 3 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቀበር ያዝዛል፤ መተላለፋቸው ግድ በሆነበት ስፍራ የውኃው ከላይ ሆኖ በመካከላቸው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲኖር ይጠይቃል። አዲስ ቧንቧም ሲዘረጋ ብርቱ ክሎሪን ተሞልቶ አንድ ቀንና ሌሊት ከቆየ፥ ከታጠበና ውኃው ከተመረመረ በኋላ ብቻ ለሕዝብ ይከፈታል። በጠባብ መንደር ሦስት ሜትር ማግኘት እንደሚያስቸግር አይጠፋንም። ክሎሪኑንና ምርመራውን ግን ጠባብ መንገድ አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ለበዓል ይድረስ የሚለው ጥድፊያ ነው። መንገዱ ሦስት ቀን ዘግይቶ ቢመረቅ የሚጎዳ ሰው የለም። ከሁሉ አስቀድሞ በአጣዳፊ ተቅማጥ የሚሞተው ግን ሰውነቱ ውኃ ቶሎ የሚያልቅበት ሕፃን ነው።

ሹማምንቱ እስኪስማሙ ድረስ አንባቢ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በሰፈሩ መንገድ ሲቆፈር ውኃው መቼ እንደሚቋረጥና መቼ እንደሚመለስ አስቀድሞ እንዲነገረው ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ መብቱ ነው። ውኃው ተቋርጦ ሲመለስ ድፍርሱ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ እየተቀበሉ ለወለል ማጠቢያ ማዋል፥ የሚጠጣውን ግን ቢጠራም እንኳ አፍልቶ ወይም ውኃ አጋርን የመሰለ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ መጠጣት ይገባል፤ ረቂቃን ተሐዋስያን በዓይን አይታዩምና። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችም ቍፋሮው በአቅራቢያቸው በሚሆንበት ሰሞን የመጀመሪያው ውኃ ወደ ሮቶው እንዳይገባ መዝጊያውን ለዘበኛው በአደራ ያስጠብቁ፤ አንድ ጊዜ የገባ ቆሻሻ ውኃ ተማሪውን ሁሉ ያዳርሳል። ብዙ ተማሪዎች ባንድ ሳምንት በተቅማጥ ምክንያት ከቀሩ መምህሩ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ ብቻ ሳያልፍ ቀኑንና የልጆቹን ሰፈር ጽፎ በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያው ያስታውቅ።