ሜዳ የሌለውን ቡድን ወጥ አቋም አትጠይቁት

ባሕር ዳር ከተማ ነጥብ በጣለ ቁጥር ስልኬ ላይ የምትገባ አንዲት መልእክት አለች፦ «የናንተ ቡድን እኮ ወጥ አቋም የለውም!» ላኪው እንደኔው የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። አሁን አዲስ አበባ ተቀምጦ አርሰናልን ይደግፋል። የአርሰናል ደጋፊ ስለ ወጥ አቋም ሲመክረኝ የሚሰማኝን ለሌላ ቀን ልተወው።

ነገሩ ውሸት አይደለም። የጣና ሞገዶቹ አንድ ሳምንት ጠንካራውን ቡድን ያሸንፋሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ላለመውረድ ከሚታገለው ጋር አቻ ይወጣሉ። እኔም ተናድጄ «አሰልጣኙ ይነሳ!» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ጨዋታውን ግን አላየሁትም ነበር፤ ውጤቱን ብቻ ነው ያነበብኩት። አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ያላየነውን ቡድን ነው የምንሰድበው።

ለምን እንዳላየነው ልንገራችሁ።

ቡድኑ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ በሜዳህና ከሜዳህ ውጪ መጫወት ነበር። ከፍኖተ ሰላም ሌሊት ተነስተን፣ ማንኩሳን አልፈን፣ ቡሬ ላይ ሌሎች ልጆች ጭነን፣ በኮሶበርና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር እንገባ ነበር። ለአንድ ጨዋታ ሙሉ ቀን ያልቃል፣ ኪስም ይራቆታል፣ ግን ማን ደክሞት? እነዚያ ተጫዋቾች አንድ ኳስ ሲያበላሹ ድምፃችን ይነሳል፣ እነሱም ይነሳሉ። ወጥ አቋም የሚባለው ነገር የሚሠራው እዚያ ነው።

ከዚያስ? የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ክለቦቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። ደምሩት እስቲ! ይህ ቡድን በፕሪሚየር ሊግ በደጋፊው ፊት እየተመላለሰ የተጫወተው አንድ ሙሉ ዓመትና አንድ የተቋረጠ ዓመት ብቻ ነው። ባሕር ዳርም ተራዋ ደርሶ ውድድሩን አስተናግዳለች፤ ግን የሳምንታት እንግዳ ሜዳ አይሆንም።

«የቴሌቪዥን ገንዘብ መጣ፣ የጉዞ ወጪ ቀነሰ፣ የደጋፊ ረብሻ ቆመ» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ሱፐርስፖርት ሊጉን ማሳየቱ ጥሩ ነበር። እስቲ ፍኖተ ሰላም ኑና አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱን «ጋሼ፣ የባሕር ዳርን ያድርጉልን» ብዬ ለመንኩ። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩና «ልጄ፣ አንተ አንድ ነህ፤ ማንቼን የሚጠብቀው ስልሳ ነው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሜዳውን ወስዳችሁ ስክሪን ሰጣችሁን፣ ስክሪኑን ደግሞ እንግሊዞቹ ይዘውታል።

ስታዲየሙም ሌላ ቁስል ነው። ኅዳር 2012 ላይ ብሔራዊ ቡድናችን አይቮሪ ኮስትን 2ለ1 ያሸነፈው እዚያው ባሕር ዳር ነበር። በ2014 መጀመሪያ ካፍ «መስፈርት አያሟላም» ብሎ ዘጋው፤ ብሔራዊ ቡድኑም «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ያዘ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን 2015 ነው። ቡድናችን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ነሐሴ ላይ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን ገጠመ። «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው አዲስ አበባ ነው፤ መልሱን ዳሬሰላም ተጫውቶ በመለያ ምት አለፈ። ያን ወር እኛ ጋ ግን ኢንተርኔት የለም፣ መንገድ የለም። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት በትንሹ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ማን ስለ ኳስ ያወራል? ማለፋችንን የሰማሁት ቆይቶ፣ በሰው በሰው ነው። ደስ ብሎኝ ጮክ ልል አልኩና አፈርኩ።

መንገዱ ሰላም ሳይሆን ጨዋታ ይምጣልን አልልም። ሰው ይቀድማል። ግን ጦርነቱን ምክንያት አታድርጉብን፤ ሊጉ ከሜዳችን የወጣው የኛ መንገድ ሳይዘጋ ነው።

ጃቢ ጠህናን ገጠር ያለው አጎቴ በቆሎው አንዱ ጥግ ረዝሞ አንዱ ጥግ ሲቀጭጭ በቆሎውን አይሰድብም። ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል፤ ውሃ የተኛበት የት ነው? ማዳበሪያው ያልደረሰው የት ነው? እኛ ግን ማሳውን ሳናይ አሰልጣኝ እንነቅላለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለተጫዋቾቹ አይደለም። ሊጉን ለሚመሩት ነው፦ በሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚደረገው ጨዋታ የሚመለሰው መቼ ነው? ስታዲየሙን ለያዙት ነው፦ ሥራው የሚያልቀው መቼ ነው? ለኛም ለደጋፊዎች ነው፦ ይህን ትተን በየሳምንቱ የሰው ስም የምናነሳው እስከ መቼ ነው?

ለጓደኛዬም መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ቡድኔ በሚቀጥለው ነጥብ ሲጥልና ያቺ መልእክት ስትገባ፣ አንድ መስመር ብቻ እጽፍለታለሁ፦ «ሜዳችን ላይ ስንት ጊዜ ተጫወትን?»