አዲሱ ቤት ሲያፈስስ

ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ጠበል ረጭተው፣ ጎረቤትም መርቆ ከወጣ ገና ዓመት ሳይሞላ የአዲሱ ቤት ግድግዳ ከእግሩ ወደ ላይ እየጠቆረ ሲሄድ ባለቤቱ ለማን አቤት ይላል? በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ነገር ልንነጋገር አስበናል፤ ምሳሌውንም ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ አምጥተነዋል።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት የወጣ ሰው አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ከተማይቱ በ1,300 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ዶርዜ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ጉሙ አይለየውም፤ ዝናቡም በበልግ ጀምሮ በክረምት ይቀጥላል። በዚህ አገር አባቶች የሠሩት ቤት እንደ ቅርጫት በቀርከሃ ተጠልፎ፣ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር መስሎ እስከ 12 ሜትር ከፍ ይል ነበር። ክዳኑ ከአናቱ እስከ እግሩ ቁልቁል ስለሆነ ውኃው ይወርዳል እንጂ የሚቆምበት ስፍራ አያገኝም። በውስጥ የሚነደውም እሳት በጢሱ ክዳኑን ያደርቃል፤ ተባዩንም ያባርራል። የዚህ ቤት ጠላቱ ከመሬት የሚነሣው ርጥበትና ምስጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን ዘዴ አልታጣለትም። የታችኛው ጫፍ ሲበላ ቤቱ በየዘመኑ ጥቂት በጥቂት እያጠረ ይኖራል፤ ሥፍራ መለወጥ ቢያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ አንሥቶ ያዛውረዋል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ሠሪውና ጠጋኙ አንድ መሆናቸው ነው፤ ቤቱን የጠለፈው ሰው እዚያው መንደር ስለሚኖር የሠራው ሥራ ጠዋት ማታ ይታየዋል።

የዛሬው ቤት እንደዚህ አይደለም። ሸማኔው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ከርሞ፣ ከሸማው ዋጋ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ በአገሩ ላይ ባለ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ግንበኛው ግን ከሌላ ሥፍራ የመጣ ነውና ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሸማኔው ክረምቱ አልፎ ለመስቀል ሲመለስ በመጀመሪያ የሚያየው ከዕቃ መሥሪያው ሥር፣ እግሩን በሚያሳርፍበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን ውኃ ነው። ድሩ ሻግቷል፤ ባለቤቱ የፈተለችው ጥጥ ሸትቷል፤ ሕፃናቱም ያስላሉ። የዓመት ድካም በአንድ ክረምት ሲበሰብስ ማየት ቀላል ኀዘን አይደለም።

በዚህ ጊዜ ሰው ሁለት ነገር ለማድረግ ይቸኩላል፤ አንደኛው ጥቁረቱን በኖራ መሸፈን ነው፤ ሁለተኛውም ግንበኛውን በሌለበት መርገም ነው። ስለ እርግማኑ የምንለው የለንም፤ የንስሐ አባት ይንገሩት። የመሸፈኑን ጉዳት ግን ታላቂቱ ላሊበላ አሳይታናለች። ውኃ እንዳይገባ ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ጣራ ላይ የተቀባውን ሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1966 በተጀመረው ጥገና እየፋቁ ማንሣት ግድ ሆኗል። ለዚያ ቅዱስ አለት ያልበጀ ልባስ ለጭቃ ግድግዳ እንዴት ይበጀዋል? ብዙ ሰው በጭቃው ላይ ሲሚንቶ መለሰን እንደ ክብር ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ሲሚንቶው በተሰነጠቀ ጊዜ ውኃው በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫም ስለሚያጣ ውስጡን ያበሰብሰዋል፤ ልስኑም አንድ ቀን እንደ ቂጣ ተገምሶ ይወድቃል።

እንግዲህ ግንበኛውን ከመጥራት አስቀድሞ ውኃው ከወዴት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሳይዘንብ አድሮ ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ጠብ ጠብ ቢል ያ ወረዛ ነው። የሰው እስትንፋስና የድስት እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ በደጋ አገር ይህ የተለመደ ነው። መፍትሔው ከጣራው ሥር አየር የሚመላለስበት ቀዳዳ መተው ስለሆነ በዚህ ምክንያት ምስማር መቺውን መክሰስ ግፍ ነው። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚያፈስስ ከሆነ ግን ዝናቡ እየወረደ ሳለ ከጣራው ሥር በመብራት መመልከት ይገባል፤ ውኃ አንድ ቦታ ገብቶ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ስለሚወርድ ወለሉን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። ብዙውን ጊዜ ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው በጎድጓዳው ተመትቶ ይገኛል፤ ወይም ቆርቆሮና ቆርቆሮ የተደራረቡበት አፍ ወደ ነፋሱ ዞሮ ይታያል።

ርጥበቱ ከታች የሚነሣ ከሆነ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠፈጠፉ የሚወድቅበትን መሬት ማየት ነው። የጣራው ጠርዝ አጭር ሆኖ አሸንዳም ከሌለው ውኃው መሬቱን እየመታ ግድግዳውን ይረጨዋል። ዶርዜ ተዳፋት አገር እንደመሆኑ ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ካልተቆፈረ የኮረብታው ውኃ ሁሉ ወደ መሠረቱ ይመጣል፤ የሸማኔው ጉድጓድ የሞላውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ለግንበኛው መናገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ መሆን አለበት፤ ተረቱ በሌላ ነገር ምሳሌ ሆኖ ይነገር እንጂ እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ግድግዳው በበጋ ደርቆ ነጭ ከሆነ በኋላ የተጠራ ግንበኛ «ምን አለ? ደኅና ነው» ቢል ማን ይመልስለታል? ሲመጣም «ሥራዎን አንድ ጊዜ ይዩልን» ብሎ ማስገባት፣ ቡና አፍልቶ፣ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት እርጥቡን ሥፍራ በእጁ እንዲዳስስ ማድረግ ከብዙ ቁጣ ይሻላል። ባለቤቱም ለራሱ እውነተኛ ይሁን፤ «አሸንዳው ወጪ ያበዛልና ይቅር» ያለው እርሱ ከሆነ የአሸንዳውን ዋጋ ከግንበኛው መጠየቅ አይገባውም። በጎድጓዳው የተመታው ምስማር ግን የግንበኛው ዕዳ ነው።

ይህንንም ሕጉ ያውቀዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 እንደደነገገው የቤት ሥራ ተቋራጭ ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ኀላፊ ነው። በሥራው ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰውም ጉዳት ይጠየቃል፤ ዘመኑን የሚያሳጥር ውል ቢጻፍ እንኳ አይጸናም። ስለዚህ ርክክቡ የተደረገበትን ቀን በወረቀት ጽፎ፣ ተፈራርሞ ማስቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ነገር ነው፤ ቀኑ ካልታወቀ አሥሩ ዓመት ከየት ይቆጠራል?

ሕጉን ማወቅ ወደ ፍርድ ቤት ለመሮጥ አይደለም። የጋሞ ሰው ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሥፍራ አለው፤ አባቶች እዚያ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን የመለሱት እነዚህ አባቶች ናቸው፤ ያን ቁጣ ያበረደ ሽምግልና የአንድ ጣራ ነገር አያቅተውም። ግንበኛው የዚያው አገር ሰው ከሆነ ደግሞ እርሱም በመስቀል ወደ ወላጆቹ ቤት ይመጣልና የሚፈለግበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ገና ቤት ሊያሠሩ ላሰቡ አንባቢዎቻችን የምንጨምረው አለ። ከዋጋው ላይ ጥቂቱ እስከ መጀመሪያው ክረምት ማለቂያ እንዲቆይ፣ ሳይቈፈር ገና፣ በውሉ ላይ ቢጻፍ ግንበኛውም አይቀየምም፤ ከተሠራ በኋላ መያዝ ግን ጠብ ያመጣል። ቤታቸው ለረጠበባቸውም፣ መጀመሪያ ቦዩ ይቆፈር፣ ቀጥሎም ምስማሩ ተነቅሎ ቀዳዳው ይደፈን፤ የራሰው ልስን ተፍቆ ጭቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ይድረቅ። ኖራው እስከ ጥር ይቆይ፤ ሸማኔውም እስከዚያው ዕቃ መሥሪያውን በአሮጌው የቀርከሃ ቤት ይትከል።