ስንት ፎቅ ነው?

«ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ልሠራ ነው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ገና እርሳስ ሳላነሣ የት አገር እንደሚኖር እጠይቀዋለሁ። ሜሪላንድ የቆየ ሰው ግራውንዱንም ቆጥሮ ነው ሁለት የሚለው፤ እኛ ጂ+1 የምንለው ማለት ነው። የኮተቤው ሰው ግን ግራውንዱን ትቶ ከላይ ሁለት ይፈልጋል፤ ያ ጂ+2 ነው። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ሶሌታ ነው፤ መሠረቱም በዚያው ልክ ይለወጣል።

ይህ በአንድ ጥያቄ ይፈታል። የሚያስጨንቀኝ ተዳፋት ላይ የሚቆመው ቤት ነው። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ቦሌ ስትደርስ ወደ 2,300 ሜትር ትወርዳለች። ሽሮ ሜዳ ላይ ከላይኛው መንገድ ጂ+1 የሚመስል ቤት ከወንዙ በኩል ሲያዩት ሦስት ወለል ነው። ያንኑ ታችኛውን ወለል ባለቤቱ ሲሸጥ ግራውንድ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ቤዝመንት ይለዋል።

አንድ ደንበኛዬ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቱ «መኝታው ግራውንድ ላይ ነው» ተብሎ ገዛ። ከግቢው በር እስከ መኝታው 19 ደረጃ ቁልቁል ይወረዳል። እኚያ እናት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳ የሰው ትከሻ ይሻሉ። ይህን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤቶች ኮድ ጉዳዩን በመለኪያ ቆርጦታል፦ ከቤዝመንቱ በላይ ያለው ወለል በዙሪያው ካለው መሬት አማካይ ከፍታ ከ1.83 ሜትር በላይ ከወጣ፣ ወይም በአንድ ጎን እንኳ ከ3.66 ሜትር ካለፈ፣ ቤዝመንቱ እንደ አንድ ፎቅ ይቆጠራል። የክፍሉን ሲሶ የማይበልጥ ሜዛኒን (ከፊል ወለል) ግን በመደበኛው አይቆጠርም።

እኛም ጋ መነሻው ብዙ ይወስናል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ከግራውንድ ወለል ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሕንፃ ጠበቅ ካለው ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶ ነበር። እያንዳንዱ 3.2 ሜትር የሆነ አራት ወለል ከታችኛው ሲለካ 12.8፣ ከሁለተኛው ሲለካ 9.6 ሜትር ነው። ግራውንዱ የቱ እንደሆነ ባለቤቱ እንዳሻው ከመረጠ፣ ምድቡንም መረጠ ማለት ነው።

ስለዚህ በሽያጭ ውል ላይ «ጂ+2» ብቻ አይበቃም። የእያንዳንዱ ወለል ከፍታ ከግቢው በር ተለክቶ ይጻፍ። ፈቃድ ሰጪውም ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ሴክሽን ሳያይ መፈረም የለበትም።