ቤዝ ጊታር የሚማር ልጅ ላለው ቤት

በሌሊት ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ለማሕሌት የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከቅጥሩ ገና ሩቅ ሳለ አስቀድሞ ወደ ጆሮው የሚደርሰው የመሪጌታው ዜማ አይደለም፤ የጸናጽሉም ድምፅ አይደለም፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ነው። ዜማው በግንብና በዛፍ ተከልክሎ ሲቀር ከበሮው ግን ግንቡን እንደሌለ ቈጥሮ ያልፋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀው ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ ግን ልጄ ቤዝ ጊታር በጀመረ በመጀመሪያው ምሽት፥ ከታች ፎቅ ያሉት እናት በራችንን ባንኳኩ ጊዜ ነው።

የምንኖረው ልደታ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይን አቋርጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፤ በዚያም በሙዚቃ ክበቡ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ልቡ በቤዝ ጊታር ተያዘ። እናቱ፥ «ልጄ፥ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ መካከል ድምፁ ለብቻው የማይለየውን ለምን መረጥህ?» ብትለው፥ «እማዬ፥ ቤዙ ሲያቆም ስሚው፤ ያን ጊዜ ዘፈኑ እንዴት ባዶ እንደሚቀር ታውቂያለሽ» ሲል መለሰላት። መልሱ ደስ አሰኘኝ። እኔ ራሴ በድቁና ትምህርት ያደግሁ ስለ ሆንሁ፥ ብዙ ወላጆች ስለ ጊታር የሚያድርባቸውን ሥጋት ዐውቀዋለሁ፤ «ልጁን ከትምህርቱ ይለየዋል፥ ወደ ምሽት ቤትም ይወስደዋል» ይላሉ። ቤዝ ጊታር የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ አይደለም፤ ይሁንና በቤት ውስጥ በሥርዐት የተያዘ ልምምድ ልጅን ትዕግሥት ሲያስተምረው እንጂ ዋልጌ ሲያደርገው አላየሁም። ለወፍራም ድምፅስ ቢሆን ጆሯችን እንግዳ ነውን? በዐቢይ ጾም የበገናን እንዚራ እየሰማን ያደግን አይደለንምን?

መሣሪያው ዕድሜው አጭር ነው። ቀድሞ ለባንዶች ዝቅተኛውን ድምፅ ይሰጥ የነበረው ከቆመ ሰው የማያንሰው ኮንትራባስ ነበረ፤ እርሱም ለመሸከም የሚያስቸግር፥ መለከትና ከበሮ በበዛበት ባንድ ውስጥም ድምፁ የሚዋጥ ነበረ። በ1951 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሊዮ ፌንደር የተባለ የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ አራት አውታር ያለው፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል ቤዝ ሠርቶ አወጣ። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉትን የብረት መስመሮች ስላደረገበት ተጫዋቹ ድምፁን በግምት ሳይሆን በትክክል ያገኘዋልና፥ ስሙን «ፕሪሲዥን» አለው፤ ትክክለኛነት ማለት ነው። የሚያስገርመው ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። አውታሮቹ ከወፍራሙ ሲጀመር ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ናቸው፤ ይኸውም የጊታር አራቱ ወፍራም አውታሮች በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ማለት ነው።

ይህን መሣሪያ በአገራችን እንዴት እንደ ተጫወቱት ለማወቅ ከሰፈራችን ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር አቅጣጫ በእግር ከሚደረስበት ከራስ ሆቴል፥ በ1970ዎቹ በዚያው አቈጣጠር፥ አይቤክስ ባንድ ይጫወት ነበር፤ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፥ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ይዘው ማለት ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ያስቀረጸው ከዚሁ ባንድ ጋራ ነው። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በ1980ዎቹ እጅግ ብዙ ካሴቶችን አጅቧል። በዋልያስ ባንድ ደግሞ ቤዙን የሚጫወቱት መላከ ገብሬ ነበሩ። እኔና ልጄ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት አንድ ወር ያህል ማታ ማታ አንድ ዘፈን እየመረጥን፥ ዘፋኙን ትተን ቤዙን ብቻ ስንከተል ሰነበትን። መጀመሪያ አልያዝ አለን፤ እንደ ዓሣ ያመልጣል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጄ ቤዙን በአፉ ያንጐራጕረው ጀመር፤ በችክችካ ምት ከስድስቱ ቈጠራ የትኛውን እንደሚመታ፥ የትኛውን ዘሎ ዝም እንደሚል ለየ። ዜማ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከመምህሩ አፍ ያልሰማውን ዜማ ከምልክቱ ብቻ አያወጣውም። ወጪም የለበትም።

እንዲህ በደኅና ከጀመርን በኋላ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ሰው እንዳለ ሰምተን ሄድን። ያሳየን ቤዝ አምስት አውታር ያለው፥ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ነበር፤ ከጎኑም ቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ልጄ በብልጭታው፥ እኔም በዋጋው መርከስ ተሸነፍን። ለሁለቱ የከፈልሁት የሦስት ወር ደመወዜን ያህል ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ ባለቤቴ ለቤት ዕቃ ያጠራቀመችው ገንዘብ ይገኝበታል። በሩ የተንኳኳው እንግዲህ በዚያው ምሽት ነው። «መምህር፥ ልጅዎ መጫወቱን አልጠላሁትም» አሉኝ እኒያ እናት፤ «ነገር ግን ሲኒዎቼ ረከቦቱ ላይ ይንጫጫሉ፤ እኔም ደም ግፊት አለብኝ፤ ምን ላድርግ?» ልጄ ከኀፍረት የተነሣ መሣሪያውን አልጋው ሥር አስገብቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነካውም። አውጥተን ወደ አንድ ባለሙያ ብንወስደው ደግሞ አንገቱ እንደ ቀስት ጐብጧል፤ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ማቃኛ ብረትም እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አልቋልና ከእንግዲህ አይቃናም አለን። ብልጭታው የተቀባው በዚህ ላይ ነበር። ሁለቱንም በኪሳራ ሸጥናቸው፤ እቤት ውስጥ ስለ ሙዚቃ የሚያነሣ ሰውም ጠፋ።

ከጎረቤታችን ጋራ ያጣላን የልጁ ጥፋት እንዳልሆነ የተረዳሁት፥ የፊዚክስ መምህር የሆነ ባልደረባዬ ካስረዳኝ በኋላ ነው። የቤዝ ወፍራሙ አውታር በአንድ ሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ የድምፁ ሞገድም ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። በእኛ ቤት ይህን የሚያህል ክፍል የለም፤ የብሎኬት ግድግዳም እንዲህ ያለውን ሞገድ አያቆመውም። ማጉያው በወለሉ ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ ደግሞ ወለሉ ራሱ ከበሮ ይሆናል። በዚህ ላይ የሰው ጆሮ ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ «ገና አልተሰማኝም» እያለ ሲጨምር ጎረቤቱ ይታመማል። የቤዝ ማጉያ ከጊታር ማጉያ ይልቅ ትልቅና ብርቱ ሆኖ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

ባለቤቴ በመጨረሻ፥ «በሁለተኛው ጊዜ ልጁ ይምረጥ፤ አንተ ገንዘቡን ብቻ ያዝ» ስትል ፈረደች። ፍርዱ ትክክል ነበረ። ልጄ ከክበቡ አንድ ዐዋቂ ጓደኛውን ይዞ ሄደ፤ እኔም ከኋላ ቆሜ ተማርሁ። ልጆቹ አስቀድመው የመሣሪያውን አንገት እንደ ጠመንጃ ዐልመው ተመለከቱ። ቀጥሎም አንዱን አውታር በመጀመሪያው ፍሬትና በመጨረሻው ላይ ተጭነው፥ መካከሉ ላይ በአውታሩና በፍሬቱ መካከል የቀረውን ክፍተት አዩ፤ ወፍራም ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ከሆነ መልካም ነው፤ ጣት የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ጕብጠት አለበት። ከዚያም በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አውታሩን ሳይጫኑ በቀስታ ነክተው ያወጡትን ድምፅ፥ ተጭነው ከሚያወጡት ድምፅ ጋራ አስተያዩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቅኝቱ የተዛባ ነው። ይህ ግን ብዙ ጊዜ በባለሙያ እጅ ይታረማልና ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ መሣሪያውን አያስጥልም። በመጨረሻ በእያንዳንዱ አውታር ከፍሬት ወደ ፍሬት ሄዱ፤ ይህን ሲያደርጉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ሻጩም ተቈጣ። እኔ ግን ያን ጊዜ ልጄን አከበርሁት።

የመረጡት ቀለሙ የለቀቀ፥ ጠርዙ የተፋቀ፥ አራት አውታር ያለው ነው። ስለ አምስተኛው አውታር ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና የግሌን አስተያየት ልስጥ፤ ለጀማሪ አያስፈልግም። አምስተኛው አውታር በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሲ ነው፤ ይህን ድምፅ አነስተኛ የቤት ማጉያ በደንብ አያወጣውም፤ አንገቱም ይሰፋና የልጅን እጅ ያደክማል። ጣቱ አጭር ለሆነ ልጅ እንዲያውም አውታሩ ያጠረ ቤዝ አለ፤ የተለመደው 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አጭሩ 76 ያህል ነው። ክብደቱንም በእጅ ሳይሆን በትከሻ አንጠልጥሎ ዐሥር ደቂቃ ቆሞ መመዘን ይገባል፤ ከ4 ኪሎ የሚበልጥ መሣሪያ በሱቅ ውስጥ ቀላል መስሎ በቤት ውስጥ ይከብዳልና። ከዚህ የቀረው የመሣሪያ ክርክር፥ ስለ እንጨቱ ዐይነትና ስለ ስሙ ገናንነት የሚደረገው፥ አብዛኛው ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ጄምስ ጄመርሰን የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ አብዛኛውን ጨዋታውን በቀኝ እጁ በአንዲት ጣት ብቻ ይጫወት ነበር።

ማጉያውን በተመለከተ፥ ለቤት 20 ዋት ያህል የሆነ፥ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ይበቃል። የጊታር ማጉያ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ቤዝ መሰካት ግን ስፒከሩን ሊቀደው ይችላል። ልጁ አንድ ቀን ከበሮ ካለበት ባንድ ጋራ ቢጫወት 20 ዋት አይሰማም፤ ያን ጊዜ ትልቁን መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል። በቤዙ ሆድ ውስጥ ባትሪ ያለበት ዐይነት ከሆነ ሽቦውን ሳይነቅሉ ማደር ባትሪውን ይጨርሳል፤ ይህን የተማርነው በሁለት ባትሪ ኪሳራ ነው። አዲስ አውታር ውድ ስለ ሆነ፥ ድምፁ የደነዘዘውን አሮጌ አውታር ፈትቶ በውኃ ቀቅሎና አድርቆ መመለስ የቈየ የሙዚቀኞች ብልኀት ነው፤ ባለቤቴ ድስቷን ከዚያ በኋላ ለወጥ እንደማትመልሰው ግን አስጠነቅቃለሁ።

መብራት ሲጠፋ ልጄ ያለ ማጉያ ይለማመዳል፤ ድምፁ ከክፍሉ አያልፍም፤ ለጣት ግን ያው ትምህርት ነው። በነገራችን ላይ አደባባያችን ስሟን የወሰደባት ሜክሲኮ፥ የጣልያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ የነበረችው፥ ኤሌክትሪክ የማያሻው የራሷ ቤዝ አላት። የማሪያቺ ሙዚቀኞች ጊታሮን ይሉታል፤ ሆዱ እንደ እንስራ የሰፋ፥ ስድስት አውታር ያለው ነው። ልጄ ሥዕሉን አይቶ ሊገዛልኝ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እናቱ ግን ስለ ቦታው ስትል ዝም አሰኘችው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከገባ እነሆ ስምንት ወር ሆነው። ማታ ማታ ልጄ ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ ይለማመዳል፤ እኛ የምንሰማው የጣቱን መታ መታ ብቻ ነው። የትዝታን ቅኝት፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላን፥ በላው አውታር ከሦስተኛው ፍሬት ጀምሮ እየወጣና እየወረደ ይመላለስበታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ማጉያውን በፍራሽ ቍራጭ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ሰዓት ይከፍተዋል፤ ሰዓቱንም ከታች ፎቅ ካሉት እናት ጋራ በቡና ላይ የተስማማንበት ነው። አንድ ቅዳሜ እርሳቸው፥ «የምታንጫጫብኝ የትኛዋ እንደ ሆነች ልወቅ» ብለው በስልክ እያነጋገሩት ድምፆቹን አንድ በአንድ አስመቱት። ሲኒዎቹ የሚንጫጩት በአንዲት ድምፅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሷም በወፍራሙ አውታር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ሶል ናት። ልጄ አሁን ሶል ላይ ሲደርስ ቀለል አድርጎ ይነካታል፤ እርሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ረከቦቱን ከግድግዳው ፈቀቅ ያደርጉታል።