መረቡን ከወንዙ አፍ እናንሣ!

የደራና የፎገራ፣ የደንቢያና የባሕር ዳር አስጋሪዎች፣ ዓሣ አብሳዮች፣ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆ ይዛችሁ ወደ ጣና የምትወርዱ ሁሉ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቃል እንገባባ።

ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ወገን 17 ያህል ዝርያ አለው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው እዚሁ ብቻቸውን በዙ፤ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉም አሉባቸው። መንጠቆ ሲነክሱ ያለውን ትግል የቀመሰ ያውቀዋል።

አበሳቸው መራቢያቸው ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ብዙዎቹ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እዚያ ጠባብ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የከርሞንም የዚያ ማዶንም ገበያ ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ከላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትን አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ድር አብሮ እያሰረ ያለው እንቁላል ያዘለች ዓሣ ነው።

የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገ ጥናት ለመራባት ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች የዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳየ። በደንገል ታንኳ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

አስጋሪው ብቻውን ይታቀብ አልልም። አንዱ መረቡን ቢያነሣ ጎረቤቱ እዚያው ቦታ ይዘረጋል፤ የሚጎዳውም ያነሣው ነው። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ ቀን እናንሣ። ቀረሶ ለመራባት ወንዝ ስለማይወጣ እስከ ጥቅምት ድረስ ሐይቁ ላይ እሱን ማስገር ይቻላል።

ሆቴሎች፣ ፍልሰታ ስትገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛባችኋል (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው)። በነሐሴና በመስከረም እንቁላል ያዘለ ነጭ ዓሣ የሚያመጣላችሁን መልሱት። ገዢ የሌለውን ማንም አያሰግርም።

ባለ መንጠቆዎች፣ የያዛችሁትን ልቀቁ። እጃችሁን አርጥቡ፣ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጡ፣ ዓሣውን ከውኃ ብዙ አታቆዩት። የደቡብ አፍሪካው ቫል ወንዝ ላይ የነጭ ዓሣችንን የቅርብ ዘመዶች ለመያዝና መልሶ ለመልቀቅ ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ መንገድ መሪውም ጀልባ ቀዛፊውም ከዚያ ይበላል። ለባሕር ዳር ወጣት ይህ ለምን ይነፈገዋል?

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖችም ነገሩን ታውቁታላችሁ። ለዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ ትከፍላላችሁ፤ ከመንጠቆና ከዘንግ የሚሰበሰበው ቀረጥም እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በሕግ ለዓሣ ጥበቃ ይውላል። ለጣናም የሚሆን እንዲህ ያለ ሥርዓት እንዲቀረጽ ልምዳችሁን ለአስጋሪ ማኅበራቱ አካፍሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ወረቀቱ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅልንም። አስጋሪዎች፣ በማኅበራችሁ የሰኔ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ፤ መረብ የሚነሣበትን ቀን ቆርጣችሁ ተፈራረሙ፤ ጠባቂዎቹንም ከመካከላችሁ ምረጡ።