የሽቦ ፍሬን ወይስ የዘይት ፍሬን?

በትምህርት ቤታችን ቢስክሌት የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶች ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፥ በዕረፍት ሰዓት ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የፍሬን ነገር ሆኗል። ዛሬ አዳዲሶቹ የተራራ ቢስክሌቶች አብዛኛዎቹ በዲስክ ፍሬን የሚቆሙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንነዳው ቸርኬው ራሱ ተጨብጦ የሚቆመውን ዓይነት ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ፍሬኑ በሽቦ ቢሳብ ይሻላል ወይስ በዘይት ቢገፋ? የሚል ነው። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ለሚወርድ ሰው ይህ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ ከተማው ደግሞ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ያን ሁሉ ቍልቍለት ነጂውን ይዘው የሚያወርዱት ከጣት የማይበልጡ አራት የፍሬን ጎማዎች ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላንሣ። የዘይት ፍሬን ዝናብ አያሸንፈውም ሲባል እሰማለሁ። ዘይቱ ያለው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ውሃው ግን ያለው በቸርኬው ላይ ነው። ሁለቱም ፍሬኖች የሚሠሩት ጎማን ከቸርኬ ጋር በማፋተግ ስለ ሆነ፥ ውሃውና ጭቃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም እኩል ይንሸራተታሉ። በዝናብ ቀን ቀደም ብሎ ፍሬን መያዝ ለሁሉም ግዴታ ነው።

ልዩነቱ ያለው ከእጅ እስከ ጎማው ባለው መንገድ ላይ ነው። የሽቦው ፍሬን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው የብረት ገመድ በሽፋን ውስጥ ይስባል። በሽፋኑ ውስጥ አቧራና ዝገት ሲገባ ከእጃችን ኃይል ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ይህን ዓይነት ፍሬን በእጅጉ ያሻሻለው የጃፓኑ ሺማኖ ነው፤ ረጃጅም ክንድ ያለውን ቪ ፍሬን ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ገደማ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የተራራ ቢስክሌት ውድድር በአትላንታ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ቪ ፍሬን የራሱ እጀታ እንደሚያስፈልገው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የድሮው እጀታ የሚስበው ሽቦ አጭር ስለ ሆነ፥ ጎማው ቸርኬውን በደንብ ሳይጨብጥ እጀታው መሪው ድረስ ይደርሳል።

በዘይት የሚሠራው ፍሬን በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የፓስካል ሕግ ነው፤ ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የጀርመኑ ማጉራ ይህን ለቸርኬ ፍሬን አውሎ በ1987 ገበያ ላይ አወጣው። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ዕቃ ነው። በሁለት ጣት ይያዛል፤ ሽቦ የሚበላው ኃይል አይባክንም፤ ተዘግቶ ስለሚኖር ለዓመታት ሳይነካ የሚያገለግል አለ። በድንጋይና በግንድ ላይ እየዘለሉ የሚወዳደሩ ነጂዎች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። እጁ ትንሽ የሆነ ወይም ረጅም ቍልቍለት ሲወርድ ጣቱ የሚዝልበት ሰው ይህን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ለራሴ ግን የምመርጠው ሽቦውን ነው። ጓደኞቼ ዘይቱ ከስንት አንዴ ነው የሚበላሸው ይሉኛል። እኔ የምጠይቀው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ብዬ ነው። የሽቦው ፍሬን ከመበጠሱ በፊት ብዙውን ጊዜ እጀታው አጠገብ ክሩ አንድ በአንድ እየተተረተረ ራሱ ይነግረናል። ቢበጠስም ማንኛውም የሰፈር ቢስክሌት ጠጋኝ በፒንሳና በመፍቻ በጥቂት ደቂቃ ይለውጠዋል፤ እኛም እንለውጠዋለን። የዘይቱ ቱቦ በድንጋይ ቢቀደድ ግን ዘይቱ ይፈስና ያ ፍሬን እስኪጠገን ድረስ የለም ማለት ነው። ልኩ የሆነ ቱቦ፥ ማያያዣው፥ ዘይት መሙያው ሲሪንጅ ሁሉ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ዘይቱ ነው። የማጉራ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት እንጂ በመኪና የፍሬን ዘይት አይደለም። አንድ ደግ ሰው ሊረዳን ብሎ የመኪናውን ቢሞላበት በውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ያብጡና ፍሬኑ በሙሉ ይበላሻል። ዕቃውንና ዘይቱን ከውጭ አገር የሚልክለት ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ይቀልለታል፤ ሆኖም ቱቦው የሚቀደደው ጥቅሉ ከደረሰ በኋላ ብቻ አይደለም።

በዋጋው መካከል ያለውን ልዩነት ምን እናድርገው ለሚሉኝ፥ ደኅና የፍሬን ጎማ ይግዙበት እላለሁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሽቦውን ከነሽፋኑ መለወጥ ነው፤ ሽቦውን ብቻ ለውጦ ዝገት የሞላውን ሽፋን መተው ጥቅም የለውም። የተጣመመ ቸርኬ ካለም ማቃናት ይቅደም። ቸርኬው ራሱ በፍሬኑ እየተበላ እንደሚሳሳ ደግሞ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በብዙ ቸርኬዎች ጎን ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ቀጭን መስመር አለ፤ መስመሩ ከጠፋ ቸርኬው ይለወጣል፥ ፍሬኑ የሽቦም ይሁን የዘይት።