ጭሱን ትቶ በሩን መዝጋት

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ አንድ አባባል አንገሽግሾኛል፤ እገዳው የአዲስ አበባን አየር ያጸዳል ይባላል። የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ ነው ከተባለ ይገባኛል፣ በዚያ አልከራከርም። ስለ አየሩ የሚነገረው ግን ስህተት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው የሰው ሳንባ ነው።

አየሩን የሚያጠቁረው ማን ነው? ዛሬ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣው መኪና አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲወጣ መንገደኛውን በጥቁር ጭስ የሚሸፍነው አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ነው፤ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ነው፤ ፓምፑን ለዓመታት ሰው ያልነካው አይሱዙ ነው። እነዚህ በሩን አልፈው ከገቡ ቆይተዋል። እገዳው አንዳቸውንም አይነካም።

እንዲያውም ዕድሜ ይጨምርላቸዋል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል ውጤቱን በዓይናችን አይተናል፤ የሚገባው ሲወደድ አገር ውስጥ ያለው አሮጌም አብሮ ተወደደ። ሌላ አገር ብረቱ ተቆራርጦ የሚሸጥ መኪና እዚህ ሞተሩ እየወረደ እየታደሰ እንደ ቦታና ቤት ዋጋውን ይዞ ይኖራል። ባለቤቱን አልወቅስም፣ ቢጥለው የሚተካበት የለውም። የምወቅሰው ይህን ሳያሰላ ግብር የሚጥለውን ነው። ማስላትም ይቻል ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ጥብቁን መስፈርት በአዲስ የኃይል ማመንጫዎች ላይ ጥሎ ነባሮቹን ስላለፋቸው፣ ኩባንያዎቹ አሮጌዎቹን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ለአሥርት ዓመታት አቆይተዋቸዋል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ኤክሳይሱና ሱር ታክሱ ተነሥቶለታል። መኪናውን አልጠላም፤ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ እዚህ ከብዙ አገር ይልቅ ንጹህ ነው። ነገር ግን መንግሥት የተወው ግብር የደረሰው አዲስ መኪና የመግዛት አቅም ላለው ቤተሰብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ለሚያስሰው ሚኒባስ ባለቤት ምን ደረሰው? ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ የተለየ ድጎማ ቀርቶለት ነበር። ያም በሊትር የተሰላ ነበር፤ የሚያጨሰውንና የማያጨሰውን ሞተር አልለየም። የሕዝብ ገንዘብ ለጭስ ወጣ ማለት ነው።

ክፍያው በሚወጣው ጭስ ልክ ይሁን። መኪና ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ ቴክኒክ ምርመራ ይቀርባል፤ የጭሱ መጠን እዚያው ተለክቶ ክፍያው በዚያ ይወሰን። ለፋብሪካም ያው ነው። ስዊድን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትላልቅ ማሞቂያዎችንና የኃይል ማመንጫዎችን በሚያወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ኪሎ ታስከፍላለች፤ የተሰበሰበውን ደግሞ ባመነጩት ኃይል ልክ ለእነርሱው ትመልሳለች። ብዙ የሚበክለው ከፍሎ ይወጣል፤ ጥቂት የሚበክለው አትርፎ ይገባል። ማጣሪያ መግጠም የሚያዋጣ ሥራ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የታክሲ ታሪፍ ይጨምራል የሚሉኝ አሉ። ገንዘቡ የመንግሥት ካዝና ገብቶ ከቀረ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ያንን አልደግፍም። በጭስ የተሰበሰበው እያንዳንዱ ብር ወደ ባለሚኒባሱ ይመለስ፦ አሮጌውን ለመቆራረጥ አስረክቦ፣ ለአዲሱ ቅድመ ክፍያ እንዲሆነው።